የማክሰኞ ውሃ

በጥቁርምድር ከተማ ጠዋት ጠዋት ቀድሞ የሚጠጣው ሰው ሳይሆን ቤት ነው። ነዋሪው ገና ፊቱን ሳይታጠብ ከየወለሉ ሥር ጉርርር የሚል ድምፅ ይሰማል። ሕፃናቱ እንኳ ከእንቅልፋቸው አይነቁም። ግር የሚለው እንግዳን ብቻ ነው። ያደረበት ቤት ውሃ ሲጎነጭ ሰምቶ በባዶ እግሩ ደጅ ስለወጣ እንግዳ በየሰፈሩ የሚወራ ታሪክ አለ፤ ተራኪው በተለወጠ ቁጥር የእንግዳው ልብስ እየቀነሰ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው ዋልካ ላይ ነው። ዋልካ የሚሉት ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ በበጋ ደግሞ ይኮማተርና ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሲያብጥ ቤቱን ወደ ላይ ይገፋል፣ ሲኮማተር ይለቀዋል፣ በመሀል ግድግዳው ይተረተራል። የድሮ ግንበኞች ጥቁሩን አፈር ቆፍረው እያወጡ በምትኩ ገረጋንቲ ይሞሉ ነበር። ሜዳው በሙሉ ዋልካ ሲሆን ግን ምኑ ወጥቶ ምኑ ይቀራል? ስለዚህ የጥቁርምድር ሰዎች አፈሩን ትተው አርማታውን ለወጡት። «እስትንፋሴ» ብለው የሰየሙት አርማታ ውስጡ ከፀጉር በቀጠኑ ቧንቧዎች የተሞላ ነው። በበጋ ለዋልካው ውሃ ያጠጣል፤ በክረምት የተረፈውን ይመጥጣል። ሁልጊዜ በአንድ ልክ የረጠበ ዋልካ ደግሞ አያብጥም፣ አይሰነጠቅም። በየመሠረቱ ውስጥ «ልቦና» የሚባል የለውዝ ፍሬ የሚያህል ነገር ተቀብሯል። ሥራው የቆመበትን ምድር ጠባይ ዓመት ከዓመት እያጠና ውሃውን መመጠን ነው። ከላይ ማን እንደሚኖር፣ ማን ከማን እንደተጣላ ልቦናው አያውቅም። የሚያውቀው ውሃና ክብደት ብቻ ነው።

ያምሮት የመሠረት ሐኪም ናት። ሥራዋ የታመመ መሠረት መመርመር፣ የሞተውን ደግሞ ሞቷል ብሎ መፈረም ነው። የዚያን ቀን ወደ እትዬ የሺመቤት ቤት የተላከችው ለፊርማው ነበር።

«አጣሪ ተብለሽ አይደለም የተላክሽው» አላት አለቃዋ ምንተስኖት፣ ጠባይዋን ስለሚያውቅ። «መሠረቱ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ቧንቧዎቹ በጨው ተደፍነዋል፤ አንድ ጠብታ አይጠጣም። ከክረምቱ በፊት ይፍረስ። ፈርመሽ ነይ።»

ሄደች። ግን ቤቱ ውስጥ ስትገባ አሮጌውን ውሃ ልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ወለሉ ላይ አጋደመችው። አረፋዋ መሀል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ወደ ጓዳው ወሰደችው፣ እዚያም መሀል ላይ። ግድግዳውን ዞራ ዞራ አየች፤ የጥፍር ጭረት የሚያህል ስንጥቅ የለም። ነገሩ አልዋጥላት አለ። የሞተ መሠረት ላይ፣ በዚህ የበጋ ድርቀት፣ ቤቱ መዝመም ነበረበት።

እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል።

«ሊያፈርሱብኝ ነው አይደል፣ ልጄ?»

«ገና እያየሁ ነው እትዬ።»

«ባሌ የሞተው፣ ልጆቼን የዳርኩት እዚህ ነው። ከዚህ አውጥተው ፎቅ ላይ ቢሰቅሉኝ ዓመት አልቆይም። እውነቴን ነው የምልሽ።»

በዚህ መሀል ከአጥሩ ወዲያ የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ። አቶ ወንድይፍራው ናቸው፣ የቅርብ ጎረቤት። ቤቱ ይፍረስ ብለው ቢሮ ድረስ ሄደው ያመለከቱትም እሳቸው ናቸው።

«ኢንጂነር! ምኑን ትለኪዋለሽ? የሞተ ሞቷል! ክረምት ሲገባ ይሄ ቤት ብቻውን አይደለም የሚሄደው፣ የእኔንም ይዞ ነው።»

እትዬ የሺመቤት ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ውስጥ ገቡ። ሁለቱ አዛውንቶች ሆድና ጀርባ መሆናቸውን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር።

ያምሮት አልፈረመችም። በቤቱ ጥግ «ጆሮ» የሚሉትን ዘንግ ተከለች፤ በዋልካው ውስጥ የሚሄደውን ውሃ አድምጦ በመስታወት ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። መስታወቱን አየችና ዓይኗን ማመን አቃታት። ከሞተው መሠረት ሥር ያለው ዋልካ በትክክለኛው ልክ ርሷል። የተሰበረ ቧንቧ ይሆን? ፈለገች፣ የለም። የከርሰ ምድር ውሃ ይሆን? እሱ እጅግ ጥልቅ ነው። «አንድ ሳምንት ስጠኝ» ብላ ምንተስኖትን ለመነችው። እሱም ባይፈቅድላት ከዚህ የከፋ እንደምትጨቀጭቀው ስላወቀ እሺ አለ።

ሳምንቱ አልቆ መስታወቱ ፊት ስትቀመጥ ምሳዋን ረሳች። ውሃው የሚመጣው ከጎረቤት መሠረቶች ነበር! በእትዬ የሺመቤት ዙሪያ ያሉት ቤቶች ከራሳቸው ድርሻ እየቀነሱ በዋልካው ውስጥ ወደ ሞተው መሠረት ያሻግሩለታል። ይህ ብቻ አይደለም፤ ተራ አላቸው። ሰኞ ከጀርባው ቤት፣ ረቡዕ ከላይኛው ቤት ይመጣል፤ ማክሰኞ ከአቶ ወንድይፍራው ነው። ቀን ያልደረሰው የታችኛው ቤት ብቻ ስለሆነ ዓርብ የእሱ ተራ ሊሆን ይገባው ነበር፤ ግን በዚያም ቀን የሚመጣው ከአቶ ወንድይፍራው ነው። አፈር ተራ አያውቅም። ልቦናም ተራ እንዲያውቅ ማንም አላስተማረውም። ታዲያ ይህ ከየት መጣ?

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። የሌሎቹ ውሃ አንዴ ከጀመረ እስኪያልቅ ይፈሳል። የአቶ ወንድይፍራው ግን ግማሽ ይመጣና ይቆማል። ረዘም ላለ ጊዜ ጸጥ ይላል። ከዚያ ቀሪው ግማሽ ይመጣል። ቧንቧ ተደፍኖ መሰላት፤ መረመረችው፣ ንጹሕ ነው። ዓርብም እንዲሁ፦ ግማሽ፣ ዕረፍት፣ ግማሽ።

መስታወቱን ታቅፋ የአቶ ወንድይፍራውን በር አንኳኳች።

ሰውየው ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ተነሥተው አስገቧት፤ ከወንበሩ ጎን ማንም ያልተቀመጠበት ሌላ ወንበር ነበር። ነገሩን ስትነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ፊታቸው ጠቆረ።

«የእኔን ውሃ? ለእሷ?»

«የእርስዎ ቤት ነው የሚሰጠው ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም።»

«ከእኔ ጓዳ ተወስዶ፣ ሳልጠየቅ! ማቆም ይቻላል?»

«ይቻላል። ይቺን አንዴ መንካት ነው።» በመስታወቱ ላይ ያለች፣ ልቦናውን የምታዝዝ አንዲት ቀይ ነጥብ አሳየቻቸው።

«ታዲያ ንኪያት!»

ያምሮት ጣቷን አነሣች። መብታቸው ነው፤ ውሃው የራሳቸው ነው። ይህን ነጥብ ብትነካ የእትዬ የሺመቤት ቤት በሳምንታት ውስጥ እንደሚተረተር ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ፊርማ እንኳ አያስፈልግም። ግን ጣቷን የያዛት ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፣ ያ ያልተፈታ የግማሽ ውሃ እንቆቅልሽም ነበር።

«እሺ ጋሼ። ብቻ አንድ ነገር ይንገሩኝና እነካዋለሁ። ለምንድን ነው መሀል ላይ የሚያርፈው?»

«ምኑ?»

«ውሃው። ማክሰኞና ዓርብ ከእርስዎ ቤት ግማሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ቆይቶ ቀሪው ይሄዳል። ዓርብ እንዲያውም የእርስዎ ተራ አይደለም፣ የታችኞቹ ነው።»

አቶ ወንድይፍራው ባዶውን ወንበር አዩት። ቆይተው እጃቸውን ዘረጉና መስታወቱን ተቀበሏት። የማክሰኞውን መስመር በጣታቸው ተከተሉት፤ እስከሚቆምበት፣ ከዚያም ዳግም እስከሚጀምርበት።

«አስካለ» አሉ።

«ማን ናት ጋሼ?»

«ሚስቴ ናት። የየሺ መሠረት የሞተ ጊዜ ሰፈሩ ተሰብስቦ ውሃ በጀሪካን እንድናደርስ ተራ ገባን። እኔ ነኝ ተራውን ያወጣሁት፤ የምትሸከመው ግን እሷ ነበረች። እኔን አላስነካም አለች። ዓርብ የታችኞቹ ተራ ነበር። ልጅቷ አራስ ስለነበረች አስካለ የእሷንም ወሰደች፤ አራሷ ከተነሣች በኋላም አልመለሰችላትም።» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ግማሹን ታፈሰዋለች፣ ጀሪካኑን ታስቀምጣለች፣ ከየሺ ጋር ደረጃው ላይ ይቀመጡና ወሬ ይጀምራሉ። እኔ በመስኮት እጠራታለሁ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ትለኛለች። ሲበቃቸው ተነሥታ ቀሪውን ታፈሳለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሞተች።» ድምፃቸው ሻከረ። «የሺ ለቅሶ አልደረሰችም። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው ወጣ፣ አልመጣችም። ያቺ ያን ሁሉ ውሃ የተሸከመችላት! እኔም ተራውን አቆምኩ። እኔ ሳቆም ሌሎቹም አቆሙ። ማንም ዳግም አላነሣውም።»

ያምሮት አሁን ገባት። የአቶ ወንድይፍራው ቤት ልቦና ሰው አያውቅም። በየማክሰኞውና በየዓርቡ፣ ዓመት ሙሉ፣ በእሱ በኩል ባለው የጎረቤት ጥግ ውሃ ሲወርድ፣ መሀል ላይ ሲያርፍ፣ ዳግም ሲወርድ አጥንቷል፤ የምድሩ ጠባይ ነው ብሎም ይዞታል። አስካለን እንደ ዝናብ ነው የቆጠራት። ውሃውን የሚያፈሱት እጆች ሲቀሩ ምድሩ የጎደለበት መሰለው፤ የጎደለውንም ከራሱ ሞላ፣ ዕረፍቱን ጭምር። ይህን ሁሉ ላስረዳቸው ብላ ጀመረች፤ ሰውየው ግን ቀድመዋት ተረድተው ነበር።

«እኛ አቁመን እሱ አላቆመም?»

«አላቆመም ጋሼ።»

«ያቺ ቤት ትፍረስ ብዬ ቢሮ ስመላለስ... የእኔ ቤት ከሥር ደግፎ ይዟት ነበር?»

ያምሮት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌው እንባቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም። መስታወቱን መለሱላት።

«ያቺን ቀይ ነገር እንዳትነኪያት፣ ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ ምንተስኖት ደወለላት። «ፈረምሽ?»

«አይፈርስም። መሠረቱ ሕያው ነው።»

«እንዴት ሕያው ይሆናል? ድፍን ድንጋይ ነው እኮ!»

«እሱ አይደለም። የቤቱ ሕያው መሠረት ያለው ጎረቤት ጋ ነው።»

«እንዲህ ተብሎ አይመዘገብም» አለ ምንተስኖት።

«እንግዲህ መዝገቡን ቀይረው» አለችው። መሥሪያ ቤቱ የቆመው ለየቤቱ ለየብቻው መሠረት ብሎ ነው፤ ዋልካው ግን አጥር የለውም። ይህን እስከዛሬ አለማሰቧ ራሷን አስገረማት።

ማክሰኞ ጠዋት ቤቶቹ ሳይጠጡ መጣች። ዘንጉን ለመንቀል ነው ብላለች፤ ማንም ግን አላመናትም። አቶ ወንድይፍራው ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው፣ እያለከለኩ፣ ከአጥሩ ወጡ። በእትዬ የሺመቤት ቤት ጥግ ቆመው ማፍሰስ ጀመሩ። ግማሹ ላይ ሲደርስ አቆሙ። ጀሪካኑን አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ የማያውቁ ሆነው እጃቸውን አንጠልጥለው ቆሙ።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። እትዬ የሺመቤት ከደረጃው ላይ ቆመው ጀሪካኑን አዩት፤ ቀጥለው ሰውየውን።

«ወንድይፍራው» አሉ። «እህቴን ሳስታምም አገር ቤት ነበርኩ። ስመለስ አርባው ወጥቷል። ከእንግዲህ በምን ፊቴ እደርሳለሁ አልኩ። ዛሬ፣ ነገ ስል ዓመት አለፈ፤ ዓመቱ ሲያልፍ ደግሞ ባሰ።» ከደረጃው ወረዱ። ድምፃቸው ተቆራረጠ። «እግዜር ያጽናህ። ለአስካለ ነፍስ ይማር። እግዜር ያጽናህ ወንድሜ።»

«አሜን» አሉ አቶ ወንድይፍራው፣ አንገታቸውን ደፍተው። «አሜን፣ የሺ። ያኑርሽ።»

ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዳቸው ስለ አስካለ አንድ ነገር ተናገሩና ሁለቱም እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

ያምሮት መስታወቱን አየች። ውሃው ከአቶ ወንድይፍራው መሠረት የሚነሣበት ሰዓት ደርሷል፤ ግን አልተነሣም። ልቦናው የእጅ ውሃ በጥጉ ሲወርድ ሰምቶ ቧንቧውን ዘግቷል። ይህን ሁሉ ጊዜ ቦታውን ይዞ ሰው እስኪመለስ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው፤ ሰው ሲመጣ ወዲያው ተራውን ለቀቀ። ድንጋዩን ይህን ማን እንዳስተማረው ታውቃለች፤ ሰዎቹ ከድንጋዩ መልሰው መማራቸው ግን ገረማት።

ቀሪው ግማሽ ሲፈስ አይታ ለመሄድ ጠበቀች። ወሬያቸው ግን ቶሎ የሚያልቅ አልሆነም።