የተፋቀ ቀን

አቶ ዓሪፍ በሞቱ በሁለተኛው ሰዓት፣ ታናሽ ወንድማቸው ጁነይድ ሬሳው ያለበትን ክፍል በር በጀርባው ዘግቶ ቆመ። ከመርሳ የመጡት ለቀስተኞች የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ መኪና አዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ ሟች ሳይውል ሳያድር አፈር መቅመስ አለበት። ጁነይድ ግን «ፖሊስ ሳያየው ከዚህ አይወጣም» ብሎ አሻፈረኝ አለ። በእጁ ያልተከፈተ የመድኃኒት ብልቃጥ ጨብጧል።

ዋና ኢንስፔክተር ዙልፋ ወልድያ ወደሚገኘው የግል ሆስፒታል የመጣችው በባጃጅ ነበር። አርባዎቹን የጀመረች ቀጭን ሴት ናት። ጠይቃ መልሱን ከሰማች በኋላ ዝም ማለት ታውቅበታለች፤ ዝም ስትል ሰው ይጨንቀውና የቀረውን ራሱ ይዘከዝክላታል።

«ይኼን ያገኘሁት ከሚስቱ ቦርሳ ነው» አላት ጁነይድ ብልቃጡን እየሰጣት። «ደም እንዳይረጋ የሚወጋው መድኃኒት ነው። እሷ ደብቃ ያዘችው፣ ወንድሜ ደሙ ረግቶ ሞተ። ወላሂ ደሙ ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም።»

ዙልፋ ብልቃጡን ተቀብላ ወደ ዶክተር እየሩሳሌም ዞረች። አቶ ዓሪፍን ያከመችው እሷ ነበረች።

«ባጃጅ ገጭቷቸው ጭናቸው ተሰብሮ መጡ» አለች ዶክተሯ። «ቀዶ ሕክምናው መልካም ነበር። ችግሩ መተኛቱ ነው። ሰው ሲተኛ የእግሩ ደም መንገዱ እንደተደፈነ ውኃ ይቆማል፤ ከቆመ ይረጋል። የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ከገባ በደቂቃዎች ይገድላል። ለዚህ ብዬ ጠዋትና ማታ ሄፓሪን ሆዳቸው ላይ እንዲወጉ፣ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮም ተደግፈው እንዲራመዱ አዘዝኩ። ሁለቱም ተደርጓል ተብሎ ተጽፏል።»

«ሁለቱም ተደርጎ ሰው አይሞትም?»

«አልፎ አልፎ ይሞታል። ይኼኛውን ግን ልቤ አልተቀበለውም።»

ዙልፋ ገብታ ከሬሳው ላይ አንሶላውን ገለጠች። ከእምብርቱ በስተግራ ወደ ቢጫ መለወጥ የጀመሩ የበለዙ ነጥቦች አሉ። በስተቀኝ የመርፌ ጫፍ ምልክት እንጂ የበለዘ ነገር የለም። ከአልጋው ሥር አዲስ ነጠላ ጫማ አገኘች። ገልብጣ አየችው፤ የሱቅ ወረቀቱ ከሶሉ አልተላቀቀም።

ነርሷን ቶይባን አስጠራቻት።

«በየትኛው ጎን ነበር የምትወጊያቸው?»

«መጀመሪያ አራት ቀን በግራ። ቆዳቸው ሲበልዝ አሳዘኑኝና ወደ ቀኝ ዞርኩ።»

«ቀኙስ ለምን አልበለዘም?»

ቶይባ ጎንበስ ብላ አየች። ሄፓሪን ደም አቅጥኖ ቆዳ ማበለዙን ከማንም በላይ ታውቃለች። «በአምስተኛው ቀን መድኃኒቱ ተቀይሯል» አለች ቀስ ብላ። «የእኛ አለቀና ቤተሰብ ከውጭ እንዲያመጣ ተነገረ። ግን እሱም ሄፓሪን ነው፤ ላዩ ላይ አንብቤያለሁ።»

«ሲራመዱስ አይተሻል?»

«አስታማሚያቸው አበበች ናት የምታስነሳቸው። 'ዛሬ እስከ መስኮቱ ሄደው ተመለሱ' ትለኛለች፤ እጽፋለሁ። ሃያ ሁለት ታማሚ ነው ያለብኝ።» እንባዋ መጣ። «አንድ ነገር ልንገርዎት። በስምንተኛው ቀን ብልቃጡን አጠገባቸው ባስቀምጠው አንሥተው ብዙ አዩት። ከዚያ 'ይኼን አትውጊኝ፣ ሌላ ይምጣልኝ' አሉ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ደህና መድኃኒት ያለ ምክንያት አይጣልም ብዬ ወጋኋቸው።»

የሟች ሚስት ፈይሩዝ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ዙልፋ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«አብሽሪ እህቴ። ይኼ ብልቃጥ ከየት መጣ?»

«እሱ ነው ግዢ ያለኝ። 'እዚሁ ወልድያ ግዢ፣ ከሱቄ እንዳይመጣ፣ ለማንም አትንገሪ' አለኝ። ትናንት ገዝቼ ብመጣ ነርሷ የተከፈተው ሳያልቅ ሌላ አይከፈትም አለች። ጠዋት ዶክተሯን ልለምን ብዬ ስመጣ…» ቃሉን አልጨረሰችውም።

መጨረሻ ላይ አበበች ቀረበች። የግራና ከተማ ሰው ናት፤ ሠላሳን ገና ያለፈች። መርሳ ባለው የአቶ ዓሪፍ መድኃኒት መደብር ሦስት ዓመት ሠርታለች። አሥሩንም ቀን ያስታመመቻቸው እሷ ናት።

«እንደ አባቴ ነበሩ» አለች። «'ከሱቄ አምጪ' ብለው ላኩኝ፤ ሦስት ብልቃጥ አመጣሁ።»

«ከየት አነሣሽው?»

«ከመደርደሪያው ነዋ።»

ዙልፋ እንደ ልማዷ ዝም አለች። አበበችም ዝም አለች። ዙልፋን እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አልገጠማትም።

የአስከሬን ምርመራው ሳንባ ውስጥ የረጋ ደም መገኘቱን አረጋገጠ፤ አቶ ዓሪፍም መርሳ ተቀበሩ። ዙልፋ ከቀብሩ በኋላ መደብሩን አስከፍታ ግማሽ ቀን ፈተሸች። ወደ ወልድያ ስትመለስ ደግሞ ዶክተር እየሩሳሌምን፣ ባለፉት ዓመታት በዚያ ክፍል ደም ረግቶባቸው የሞቱትን ሰዎች መዝገብ ጠየቀቻት።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጁነይድ፣ ፈይሩዝ፣ ቶይባና አበበች ከዙልፋ ጋር በዶክተሯ ቢሮ ተሰበሰቡ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የብርጭቆ ቱቦዎች ቆመዋል። ዶክተሯ ከገዛ ክንዷ ደም ቀድታ ለሁለቱ አካፈለች። በአንደኛው ፈይሩዝ ከገዛችው ብልቃጥ፣ በሌላው አቶ ዓሪፍ ከተወጉበት ጥቂት ጠብታ ጨመረችበት።

«ደሙ እስኪናገር እኔ ልናገር» አለች ዙልፋ። «የሟች ሆድ በግራ በልዟል፣ በቀኝ አልበለዘም። አራት ቀን መድኃኒት፣ ከዚያ በኋላ ከውኃ የማይሻል ነገር ተወግተዋል ማለት ነው። የለወጠው ማነው? አቶ ጁነይድ ወይዘሮ ፈይሩዝን ጠረጠሩ። እሷ የያዘችው ግን ሊያድናቸው የነበረውን ነው።»

ጁነይድ አንገቱን ደፋ።

«ሟች በስምንተኛው ቀን ብልቃጡን አይተው አወቁት። ሌላ ሰው ቢሆን 'ይኼ የተበላሸ ነው' ብሎ ይጮኽ ነበር። እሳቸው ግን ምክንያቱን ዋጡት። አይቶ የሚያውቀው፣ አውቆም የማይናገረው ማነው? ያበላሸው ሰው ነው።» ከቦርሳዋ ብልቃጥ አውጥታ በስፒሪት የራሰ ጥጥ አሸችበት። የታተመው የማብቂያ ቀን ሟሙቶ ጠፋ፤ ከሥሩ የመጀመሪያው ቀን በምላጭ የተፋቀበት ቦታ ታየ። «ከመደብሩ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ከባዶ ካርቶኖች ኋላ እንዲህ ያለ ዘጠኝ ብልቃጥ አገኘሁ። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ የቆላ ሙቀት ሲቀቅለው ከርሟል። መደርደሪያው ላይ ያለው ደህናው ሄፓሪን ግን ከነማሸጊያው ነው፤ ማንም አልከፈተውም። አበበች፣ ከመደርደሪያው አላነሣሽም።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለች አበበች። «ሲቸኩል ሰው ይሳሳታል።»

«የነጠላ ጫማውስ? ስምንት ቀን የተራመደ ሰው ጫማ መሬት አይነካም? ሰውዬውን አስተኝተሽ 'ተራመዱ' ያልሽው በስሕተት ነው?» ዙልፋ ከመዝገቡ የተቀዳውን ወረቀት አነበበች። «ናሆም። ሲሪንቃ የዘር ማሳ ላይ ትራክተር ነጂ። ከአራት ዓመት በፊት እግሩ ተሰብሮ እዚሁ ተኛ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን የረጋ ደም ሳንባው ገብቶ ሞተ። መድኃኒቱ ከመርሳ የተገዛ። ሬሳውን የተረከበችው ባለቤቱ አበበች።»

በዚህ መካከል ዶክተሯ ቱቦዎቹን አዘነበለች። የፈይሩዝ ብልቃጥ የገባበት ደም ፈሰሰ። ሌላኛው እንደ ጉበት ረግቶ ከብርጭቆው ተጣብቆ ቀረ።

አበበች የረጋውን ደም ብዙ አየችው። ስትናገር አንቱታውን ትታዋለች።

«ባሌን የገደለበትን ነው የሰጠሁት። አንድ ጠብታ አልጨመርኩበትም። ከሌላ ሱቅ አምጪ ቢለኝ ኖሮ አመጣለት ነበር፤ ከሱቄ አለ። ብልቃጡን ያየ ቀን ቀና ብሎ አየኝ። ማን እንደሆንኩ ያኔ ነገርኩት። 'ለነርሷ ተናገር፣ ቀኑን የፋቅኩት እኔ ነኝ በል፣ ትድናለህ' አልኩት። ሁለት ቀን ሙሉ ጊዜ ነበረው። ስሙን ከነፍሱ አብልጦ ወደደ። እኔ ምን ላድርገው?»

ፈይሩዝ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ጁነይድ ሊነሣ ሲል ዙልፋ በእጇ መለሰችው።

«የብልቃጦቹን ካርቶን ካገኘሽው ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አለቻት።

«ሁለት ዓመት።»

«ያኔ ስንት ብልቃጥ ነበረው?»

«ሃያ አራት። ቆጥሬዋለሁ።»

«ዘጠኝ እኔ ጋ አለ። ሦስት ለእሱ አመጣሽ። አሥራ ሁለቱስ?»

አበበች ዓይኗን ከረጋው ደም ላይ አነሣች። ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ።

«የሸጠው እሱ ነው» አለች በመጨረሻ።

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«ባንኮኒው ላይ።»

«በማን እጅ ነው የወጣው?»

«በእኔ። ብናገር ሱቁን ያሽጉትና በዋስ ይወጣል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። የምጠብቀው አንድ ቀን ብቻ ነበር። እሱ ራሱ የሚተኛበትን ቀን።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ «አንዷ አራስ ነበረች» አለች። «ባሏ ነው የገዛላት። እግሯ አብጧል አለኝ።»

«ተረፈች?»

«አልጠየቅኩም።»

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው፤ ለናሆም ይሁን ለአራሷ፣ ለራሷም የለየላት አይመስልም። ዙልፋ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ወንበሯን አስጠግታ ደብተሯን ከፈተችና «የባልየውን ስም ታስታውሻለሽ?» አለቻት።

«ሙባረክ። ከሐብሩ፣ ከግራና በታች።»

ዙልፋ ጻፈች። ዶክተር እየሩሳሌም ተነሥታ ወደ ሙባረክ ቤት እንዲወስዳት ለአምቡላንስ ሹፌሩ ስልክ ደወለች።

«እሺ» አለች ዙልፋ። «ሁለተኛው ገዢ ማነው?»