የዳለቻው በሬ ደም

ኢንስፔክተር ሙሐመድዘይን ቅዳሜ ጠዋት ከከሚሴ በባጃጅ ሲደርስ መቀበሪያው ጉድጓድ እስከ ወገብ ድረስ ተቆፍሮ ነበር። ቡሬዋ ላም ከጉድጓዱ አጠገብ በጎኗ ተጋድማለች። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የእንስሳት ሐኪሟ ደም እየሰጠቻት ሳለ ወድቃ ሞተች። ቢላዋ ይዞ የሮጠ ሰው ቢኖርም ቢስሚላህ ሳይባልባት ነፍሷ ወጣች፤ ስለዚህ ሥጋዋ እንኳ ለማንም አልሆነም።

ላሟ የሀዲጃ ነበረች። ሀዲጃ ባሏ ከሞተባት አራት ዓመቷ ነው፤ ሦስት ልጆቿን የያዘችው በዚህች ላም ወተት ነው። በጨፋ ሸለቆ ከብት ሞልቷል፤ በቀን አሥር ሊትር የምትታለብ ዲቃላ ግን በዚያ መንደር እሷ ብቻ ነበረች።

ተጠርጣሪዋ ዶክተር ዙቤይዳ ትባላለች፤ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት። የእንስሳት ክሊኒኩን መምራት ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። አርብ ማታ አለቆቿ የክሊኒኩን ቁልፍ ተቀበሏት። መሥሪያ ቤቷ ለፖሊስ የጻፈው ደብዳቤ፣ ጥፋቱ የሐኪሟ ከሆነ ከሥራ እንደምትሰናበትና እንደምትከሰስ ይገልጻል። «ከሆነ» የምትለዋ ቃል ለጨዋነት ብቻ እንደገባች ያስታውቃል። የጻፈው ሰው ላሟንም ሐኪሟንም አላያቸውም፤ ማየትም የፈለገ አይመስልም።

ሙሐመድዘይን ቀጭንና ዝግ ያለ ሰው ነው። አባቱ ባቲ የከብት ገበያ ውስጥ ደላላ ነበር፤ ልጁንም ከሻጩ አፍ ይልቅ የከብቱን ገላ እንዲያምን አድርጎ አሳድጎታል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁፋሮውን አስቆመና ላሟን ይዞራት ጀመር።

መጀመሪያ የቀረበው ነጂብ ነው። ነጂብ የሀዲጃ ሟች ባል ወንድም ነው፤ የሚኖሩት በአንድ ግቢ ነው። ደሙ የተቀዳውም ከእሱ ዳለቻ በሬ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንስፔክተር» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለው።

«ነጋአ። እስቲ ያየኸውን ንገረኝ።»

«በእግሯ የቆመች ላም ናት፣ ወላሂ። ደሙ ትንሽ ገባላት፤ ሐኪሟ ቆም አድርጋ አየቻት፤ ደህና ናት አለችና ቀጠለች። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ተንቀጠቀጠች፣ ምራቋን አዝረከረከች፣ ወደቀች። በሬዬ ይኸው ይበላል፣ ጤነኛ ነው። ታዲያ ምን ቀረ? የሐኪሟ እጅ ነዋ።»

ሙሐመድዘይን ላሟ አጠገብ ቁጢጥ አለ። በላሟ አንገት ግራ በኩል ፀጉሯ በመቀስ ተቆራርጧል፤ አቆራረጡ ወጣ ገባ ነው፤ መሐሉ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ይታያል። አራት ሰዎች እንዲገለብጧት አዘዘ። በቀኝ በኩል ደግሞ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ፀጉሩ ከሌላው ያጥራል፤ ተላጭቶ ገና እየበቀለ ነው። ጠርዙ ቀጥ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ነበር። በጣቱ ዳሰሰውና ተነሣ።

ላሟ ታስራበት የነበረው ቦታ ላይ አፈሩ ጠቁሯል። ምን እንደሆነ ሀዲጃን ጠየቃት።

«ሽንቷ ነው። ደሙ እየገባላት ሳለ ነው የሸናችው፤ ጥቁር ቀይ ነበር። ጠዋት ግን ቢጫ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ዶክተሯ ከመጀመሯ በፊት የጠየቀችዎት ነገር ነበር?»

«ነበር እንጂ። ከዚህ በፊት ደም ተሰጥቷት ያውቃል ወይ አለችኝ፤ ሰው እየሰማ። ወላሂ አልተሰጣትም አልኳት። እኔ ደም ነጂስ ነው፣ ርኩስ ነው ብዬ እምቢ ስል፣ እሷ ናት ግማሽ ቀን ተቀምጣ ያግባባችኝ። ቀድሞ ተሰጥቷት ቢሆንማ ወተቱን ስደፋ ነበር የምታገኙኝ።»

«ማን ማን ነበር ያኔ?»

«እኔ፣ ነጂብ፣ ገመዱን የያዘው የክሊኒኩ ረዳት ጋሽ ቶፊቅ። ሌላ ሰው አልነበረም።»

ባለፈው ወር ከቤት ርቃ ያደረችበት ቀን እንዳለ ጠየቃት። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው፣ ሰኞ ዕለት፣ ላሟ መዥገር ባመጣው በሽታ ደክማ ሳለ የአፋር ጨው ልትገዛላት ባቲ ገበያ ሄዳ፣ እህቷ ቤት አድራ ማክሰኞ ተመለሰች። ስትመለስ ላሟን ቆማ ስትበላ አገኘቻት። አላህ ማረልኝ ብላ አመሰገነች። ሕመሙ ያገረሸባት በዚህ ሳምንት ነው።

ይህን ስትናገር ነጂብ ጉድጓዱን ያይ ነበር።

ዙቤይዳን ያገኛት ከሚሴ ውስጥ በተከራየችው ክፍል ነው። አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ግን እንቅልፍ እንዳላየ ያስታውቃል። ደሙ እንዳይረጋ በምጨምረው ዱቄት መጠን ተሳስቼ ይሆን እያለች ነጋባት። ከዚያው እሽግ ረቡዕ ዕለት ለአንድ ጥጃ ተጠቅማ ነበር። ሙሐመድዘይን የጥጃውን ባለቤት ስልክ ተቀብሎ እዚያው ደወለ። ጥጃው እየፈነጨ ነው።

«ስለዚህ ዱቄቱ አይደለም» አላት። «ሽንቷ ለምን ቀላ?»

«የገባው ደም ውስጧ ሲሰባበር ነው የሚቀላው። ላም ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ከብት ደም ስትቀበል አብዛኛውን ጊዜ ምንም አትሆንም። ሳምንት አልፎ ሁለተኛ ሲሰጣት ግን ሰውነቷ ያንን ደም ለይቶ አውቆት ይጠብቃል፤ እንደ ጠላት ይነሣበታል። አስቀድሜ የጠየቅኩትም ለዚህ ነው። አልተሰጣትም አሉኝ።»

«ይህን በክሊኒካችሁ ማን ያውቃል?»

«እኔና ጋሽ ቶፊቅ። መስከረም ላይ ደሴ አብረን ነው የሠለጠንነው።»

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሰኞ የት እንደነበረች ሲጠይቃት፣ እስከ ረቡዕ ድረስ ደሴ ስብሰባ ላይ እንደነበረች ነገረችው። ክሊኒኩን የጠበቀው ጋሽ ቶፊቅ ነው። ስለ እሱ ስታወራ ፊቷ ፈታ አለ። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ በክሊኒኩ አጥር ቀዳዳ ስታጮልቅ አግኝቷት፣ አስገብቶ የበግ ልብ ትርታ ያስደመጣት እሱ ነው።

«እሱ አጠገቤ ባይኖር ደም መስጠቱን አልደፍረውም ነበር» አለች።

ሙሐመድዘይን ደብተሩን ዘጋ። ይህን ዓረፍተ ነገር ባይሰማው ይመርጥ ነበር።

ቶፊቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው፤ ነጭ ጋዋኑ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ትከሻዋ የቆሰለ አህያ እያከመ ነበር። ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ፀጉር በምላጭ ይላጫል፤ አይቸኩልም። ስለ ዙቤይዳ ሲጠየቅ ምላጩን ሳያቆም፣ ጎበዝ ልጅ መሆኗን፣ የሚቀራት ልምድ ብቻ መሆኑን፣ በሰው ፊት እንዲህ መዋረዷም እንዳሳዘነው ተናገረ። ሐዘኑ ከአፉ ሳይንተባተብ ወጣ።

ኢንስፔክተሩ የአህያዋን ትከሻ አየ። የተላጨው ቦታ አራት ማዕዘን ነው፤ ጠርዙም ቀጥ ያለ።

«እጅዎ ይገርማል። በማስመሪያ ያሰመሩት ነው የሚመስለው» አለው።

ቶፊቅ ፈገግ አለ። «እኛ ስንሠለጥን ጠርዙ ካልተስተካከለ ከብቱን አዙረው በሌላ ጎኑ ያስደግሙን ነበር። የዛሬ ልጆች በመቀስ ቦጫጭረው ያልፉታል።»

እሑድ ጠዋት ሙሐመድዘይን አራቱንም ሀዲጃ ግቢ ሰበሰባቸው። ላሟ ተቀብራለች። ሀዲጃ መደብ ላይ፣ ነጂብ በሬው አጠገብ፣ ቶፊቅ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዙቤይዳ ቆማ ቀረች፤ ተቀመጪ ያላትም አልነበረም።

«መጀመሪያ የዶክተሯን እጅ እንይ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ዱቄቱ ደህና ነው፤ ከዚያው እሽግ የወሰደ ጥጃ በሕይወት አለ። የበሬው ደምም ደህና ነው፤ በሬው ይኸውና። ላሟን የገደለው መርዝ አይደለም። ሽንቷ የቀላው ሰውነቷ የገባባትን ደም ስለሰባበረው ነው። ያን የሚያደርግ ደግሞ ደሙን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰውነት ነው። ወይዘሮ ሀዲጃ አልተሰጣትም ብለው ማሉ። የማሉት የሚያውቁትን ነው። ላሟ አንገት ላይ ግን ሁለት የተሸለተ ቦታ ነበር፤ አንዱ የአርብ፣ ሌላው ሦስት ሳምንት የሚሆነው።»

ከዚያ ነጂብን በሬውን እንዲያዞረው አዘዘው። ነጂብ ገመዱን ሲያነሣ በሬው ራሱን ነቅንቆ ወደ ኋላ ሸሸ። በአንገቱ አንድ ጎን የዙቤይዳ መቀስ የቆራረጠው ይታያል። በሌላው ጎን ፀጉሩ እየበቀለ ያለ አራት ማዕዘን አለ።

«አንድ ጊዜ ብቻ የተቀዳ በሬ ሁለት ቦታ አይላጭም» አለ ሙሐመድዘይን። «ወይዘሮ ሀዲጃ ባቲ ባደሩበት፣ ዶክተሯም ደሴ በነበረችበት ሰኞ፣ የዚህ በሬ ደም ለዚያች ላም ተሰጥቷል። ነጂብ፣ አርብ ስትሞት ያንን ደም ከወሰደች አሥራ ስምንት ቀኗ ነበር። ልክ ነው?»

ነጂብ ገመዱን ለቀቀው። «ልክ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ልትሞትብን ነበር። ሀዲጃ ብትሰማ እምቢ ትላለች፤ ብትድንም ወተቱን ትደፋዋለች። ስለዚህ ጋሽ ቶፊቅን ለመንኩት። በአማና ያዘው፣ ለማንም አትንገር አልኩት፣ እሱም በአማና አስያዘኝ። አርብ ዶክተሯ ስትጠይቅ ዞሬ አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ጉዳት ያለው ነገር ቢሆን እሱ ይናገር ነበር አልኩ። ከሞተች በኋላም፣ ሁለቱ ነገር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም። ዱጋ ነው የምልህ፣ እውነቴን ነው፣ አላወቅሁም።»

ሀዲጃ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «አሥራ ስምንት ቀን» አለች። «አሥራ ስምንት ቀን ወተቱን ለጎረቤት ሕፃናት አጠጣሁ። አንተ እያየኸኝ።»

ሙሐመድዘይን ወደ ቶፊቅ ዞረ።

«ነጂብ አያውቅም፤ እርስዎ ግን ያውቃሉ። ማን እንደላጨውም ትናንት አህያዋ ላይ አይቻለሁ።»

«አማና ነው» አለ ቶፊቅ። ድምፁ አልተለወጠም። «ሙስሊም ነኝ። አማና አይበላም።»

«አማናውን ማን ይብሉ አለዎት? ወደ ዶክተሯ ጆሮ ጠጋ ብለው ዛሬ ይቅር ማለት ይችሉ ነበር። በሬው አሞታል ማለት ይችሉ ነበር። ዱቄቱን ረስተነዋል ቢሉ እንኳ ያች ላም ዛሬ በሕይወት ነበረች። አማናውን ለመጠበቅ ዝም ማለት ይበቃል፤ እርስዎ ግን ገመዱንም ያዙ።»

ዙቤይዳ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«መንቀጥቀጥ ስትጀምር ጠበቅ አድርገው ይያዙልኝ አልኩዎት። ያዙልኝ። ለምን እንደምትንቀጠቀጥ ያውቁ ነበር?»

ቶፊቅ እጁን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተ። ሲናገር ያየው መርማሪውን ነበር፤ እሷን አይደለም።

«ዶክተር ሆና ስትመጣ ከሁሉ በላይ ደስ ያለው እኔን ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ጋሽ ቶፊቅ እርስዎ ምን ይላሉ ብላኝ አታውቅም። ገመዱን ይያዙልኝ ነው ሁልጊዜ። ትሙት ብዬ አልነበረም። ላሟ ስትንቀጠቀጥ ደንግጣ ወደ እኔ ትዞራለች ብዬ ነው። ምን ላድርግ ብላ ብትጠይቀኝ ቶሎ እናቋርጠው ነበር። አልጠየቀችኝም።»

ይህን ያለው የተበደለ ሰው በሚያወራበት ድምፅ ነው። በእርግጥም የተበደለ ይመስለው ነበር፤ ከሁሉ የሚያስቀይመው ይህ ነው። ዙቤይዳ ያልጠየቀችው ስለናቀችው አልነበረም። አንድ ነገር ቢበላሽ እሱ ሳይጠየቅ እንደሚነግራት እርግጠኛ ስለነበረች ነው።

ሙሐመድዘይን ቆቡን ከጭኑ ላይ አነሣ። የክሊኒኩ ቁልፍ ነገ እንዲመለስላት፣ ጥፋቱም የእሷ እንዳልሆነ እንደሚጽፍ ለዙቤይዳ ነገራት። ለቶፊቅ ደግሞ ያለ ሐኪም ደም መስጠቱን ለመሥሪያ ቤቱ እንደሚያሳውቅ ገለጸለት።

«ላሟን የገደላት ዝምታዎ ነው» አለው። «ዝም ያለን ሰው የምከስበት አንቀጽ ግን ትናንት ሙሉ ማታ ፈልጌ አላገኘሁም።»

ሀዲጃ ተነሥታ ዙቤይዳን አውፍ በይኝ አለቻት። ዙቤይዳም አውፍ ብያለሁ አለች። ላም ግን በይቅርታ አትመለስም፤ ሁለቱም ያውቁታል።

ለቶፊቅ ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ስለቀረው፣ ሌላ ረዳትም ስላልተገኘ፣ እዚያው ክፍል እዚያው ወንበር ላይ ቆየ። ጠዋት ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ። እሷ ታዝዛለች፣ እሱ ይሠራል።

ወሩ ሳይሞላ ከጨፋ አንድ ገበሬ ድዷ የነጣ ጊደር ነድቶ መጣ። ከደም በቀር የሚያድናት አልነበረም፤ ሰውየው ደም ሰጪ የሚሆን በሬም አስከትሏል። ዙቤይዳ የጊደሯን አንገት በሁለቱም ጎን ዳሰሰች። ፀጉሯ ሙሉ ነው፤ ከሁለት ከሦስት ወር በፊት ስለሆነው ነገር ግን ሙሉ ፀጉር አይናገርም። ገበሬው ጊደሯን ከገዛት ሁለት ወሩ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን አያውቅም።

«ይህችን ጊደር ከዚህ በፊት አይተዋት ያውቃሉ?» ብላ ቶፊቅን ጠየቀችው።

«አላየኋትም፣ ዶክተር። ወላሂ አላየኋትም» አለ ቶፊቅ። ያን ቀን የተናገረው እውነቱን ነበር።

ዙቤይዳ ለረዥም ጊዜ ፊቱን አየችው። ከዚያ መርፌውን ወደ ሣጥኑ መለሰችና ለገበሬው ጥቂት ኪኒን ሰጠችው። ጊደሯ ረቡዕ ሞተች።