በሩ ላይ የነበረው ጭረት

ይህ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። ፈጠራ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አልፈርድባችሁም። ምነው ፈጠራ በሆነልኝ...

ነገሩ ሲደርስ ሰዓቱ ከቀኑ አስር ነበር። ፀሐይዋ እንኳ ገና አልበረደችም።

ሥራዬ አሮጌ ፊልም ማጽዳት ነው። ፊልሙ ኮምፒውተር ላይ ይገለበጣል፤ እኔ ምስሉን አንድ በአንድ እያየሁ አቧራውንና ጭረቱን አጠፋለሁ። ያን ሰሞን የያዝኩት በዘፈንና በጭፈራ የተሞላ የድሮ የበዓል ፊልም ነበር፤ ጥቁርና ነጭ። ወላጆቻችን በዓል በመጣ ቁጥር ሲኒማ ቤት ተሰልፈው ያዩት ነው። አሁን ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲያየው በዲስክ ሊወጣ ነው።

የመጨረሻው ዘፈን ላይ ልጆች አዳራሽ ውስጥ ይጨፍራሉ። ከኋላቸው የተዘጋ በር አለ። በሩ ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የወረደ ጥቁር ጭረት...

የማውቀው ጭረት ይንቀጠቀጣል፤ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይላል። ይሄኛው ግን ካሜራው ሲዞር አብሮ ይዞራል። ከበሩ ንቅንቅ አይልም።

ገረመኝ። ቢሆንም አጠፋሁት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

የመጀመሪያውን ዲስክ ለልጄ ሰጠኋት። ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ እኔና እሷ ብቻ ነን፤ የምንኖረውም ከሥራ ቦታዬ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ቀይ ሪባኗን እንዳሰረች፣ "ባቢ፣ ሲያልቅ እመጣለሁ" ብላኝ ወደ ላይ ሮጠች።

ትንሽ ቆይቶ ጋሽ መቀስ መጡ። ያን ጊዜ ፊልሙን የቆረጡና የቀጠሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ስሙም የወጣላቸው ለዚያ ነው። እንዲያመሰግኑኝ ጓጉቼ ሥራዬን ከፈትኩላቸው።

የመጨረሻው ዘፈን ላይ ስንደርስ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ጭረቱስ?" አሉ በሹክሹክታ።

"አጠፋሁት።"

"እኔ እኮ ነኝ የጫርኩት... በመርፌ፣ በገዛ እጄ።"

"ለምን?"

"በሩ እንዳይከፈት ነዋ፣ ልጄ።"

ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስኩ... በሩ ገርበብ ብሏል።

ሳጸዳው ዝግ ነበር።

"ሌላ ማን አየው?" አሉኝ።

ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለልኩ ወጣሁ።

ሳሎን ሶፋው ላይ ቁጭ ብላለች። እፎይ አልኩ። ሄጄ እቅፍ አደረግኳት። ፀጉሯ አሮጌ የፊልም ቆርቆሮ፣ አሮጌ የፊልም ቆርቆሮ ይሸታል...

"ዘፈኑ አልቋል" አለችኝ። "አጥፋው፣ አባዬ።"

ልጄ አባዬ ብላኝ አታውቅም።

ሪባኗን አየሁት። ግራጫ ነው።

ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ልጆቹ አሁንም ይጨፍራሉ። ሁሉም ጥቁርና ነጭ ነው። በሩ ጥግ ግን አንዲት ቀይ ነገር አለች...

ቀይ ሪባን። አንዲት ትንሽ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታን በሩን ትደበድባለች። በሩ ተዘግቷል።

ሪሞቱን ከሶፋው ላይ አፈፍ አደረግኩት። አጠገቤ ያለችውም ልትወስደው እጇን ዘርግታ ነበር።

ጋሽ መቀስ ቴሌቪዥኑ አንዴ ከጠፋ ልጅህ አትመለስም ብለውኛል። ይኸው አስራ አንድ ቀኔ ነው፤ አላጠፋሁትም። ዘፈኑ ያልቃል፣ እንደገና ይጀምራል። ልጄ በሩን መደብደብ አላቆመችም፤ ዛሬ ግን እጇ የደከመ ይመስላል። እኔም እንቅልፍ ካየሁ ስንት ጊዜዬ።

አሁን ጎረቤት አንኳኩቶ ነግሮኝ ሄደ። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ በሰፈሩ መብራት ይቋረጣል።

ሶፋው ላይ ያለችው የግድግዳውን ሰዓት እያየች ዘፈኑን ታንጎራጉራለች...