የሚጣፍጠው ውሃ

ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይተወው። ይሄ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። ደግሞም በጨለማ አይደለም... በጠራራ ፀሐይ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ።

ሥራዬ የአካባቢ ጤና ቁጥጥር ነው። ውሃ፣ ፍሳሽ፣ ጭስ... ሰው የሚታመምበትን ሁሉ እከታተላለሁ።

የዚያን ቀን የሄድኩት ተከራይ ወደሞላበት አንድ ሰፊ ግቢ ነበር። ከጓሮው አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚቀልጥበት ወርክሾፕ አለ። ከወርክሾፑ ግድግዳ ሥር ደግሞ የውሃ ጉድጓድ።

ውሃውን አስመርምሬዋለሁ። የባትሪ እርሳስ ገብቶበታል። ቀስ እያለ የልጅን አእምሮ የሚበላ መርዝ።

ገና ስገባ አንድ ነገር ቀፈፈኝ...

ጸጥታው።

ግቢው ልጅ በልጅ ነው። የሚሮጥ ግን የለም። የሚያለቅስም የለም። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ጉድጓዱ አዙረው ተቀምጠዋል።

መንታ ልጆች ያሏት አንዲት ተከራይ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ቢሮ ድረስ መጥታ አቤት ያለችው እሷ ናት።

«ቀስ ብለሽ አውሪ፣ እህቴ...»

«ለምን?»

«ይሰማል።»

«ማን?»

በዓይኗ ጉድጓዱን አሳየችኝ።

«ሌላ ውሃ አመጣሁላቸው። እምቢ አሉ። ይሄኛው ይጣፍጣል ይላሉ።»

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው አልኩ በሆዴ።

«የሚጣፍጠው እርሳሱ ነው። ሌላ ተአምር የለውም» አልኳት።

«እሱስ ይሁን... በስማቸው የሚጠራቸውስ?»

ወደ ጉድጓዱ አመራሁ።

የግቢው ባለቤት መጡ። ሽማግሌ ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ እኔም ጠጥቼው ነው ያደግኩት። ምን ሆንኩ?»

«ያኔ አጠገቡ ባትሪ አይቀልጥም ነበራ፣ ጋሼ።»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ብትዘጊው... አይወድም።»

«አይውደድ! እኔም ልጅ ሲመረዝ ማየት አልወድም።»

ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ወርክሾፑን አሸግኩ። ፓምፑን አስነቀልኩ። የጉድጓዱ አፍ ላይ የብረት ክዳን አስበየድኩ።

ብየዳው እንዳለቀ...

ኳ።

ከሥር ነው።

ኳ። ኳ።

በያጁ ጓንቱን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

እኔ ክዳኑ ላይ ወጥቼ ቆምኩበት።

«ተዘግተሃል!» አልኩት ጮክ ብዬ። «ብትፈልግ እስክትደክም አንኳኳ!»

ልጆቹ ሁሉ ባንዴ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ አንደኛዋ መንታ ማልቀስ ጀመረች። «አለቀሰችልኝ!» ብላ እናቷ እልል አለች።

ልጆቹ ሕክምና ጀመሩ። ለግቢው ንጹሕ ውሃ በቦቴ ይመጣ ጀመር።

ከወራት በኋላ ላያቸው ሄድኩ። መንትዮቹ ኳስ እያባረሩ ይጣላሉ። ደስ አለኝ።

ክዳኑ እንደተበየደ ነው። ዙሪያውን ግን ባልዲዎች ተደርድረዋል... ውሃ ሞልተው።

«ማን ቀዳው?»

«እኛ አይደለንም» አለች የመንትዮቹ እናት። «ስንነሳ እንዲህ ሆኖ እናገኘዋለን።»

«የቀመሰ አለ?»

«ሞተን ነው የምንቀምሰው!»

ደሜ ፈላ። ሁለታችንም ባልዲዎቹን በየተራ መድፋት ጀመርን። የመጨረሻውን በእርግጫ አልኩት።

ባልዲው ተንከባሎ ሄደ።

ውሃው ግን... አልፈሰሰም።

በባልዲው ቅርጽ መሬቱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

እኔም ፈቀቅ አላልኩም።