በዳማ ቀኝ በኩል

ዕጣው ሲወጣ ፈሪዳ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ስትገልጠው የሆነው ሆኗል። የዳንግላን ፈረስ የሚያሰናዳው የቆሰበሩ ሱሀይል ነው።

«ወይኔ!» አለች። ጮክ ብላ መናገሯን ያወቀችው አጠገቧ የቆሙት ዞር ብለው ሲያዩዋት ነው።

አራት ቡድን፣ አራት አሰናጅ! ከዚያ ሁሉ ሰው ሌላ ጠፍቶ ነው? ዕጣ ደግሞ ሰው ይመርጣል እንዴ? ትላለች በሆዷ።

እንግዲህ ነገሩን ላስረዳችሁ። በወጣቶች የፈረስ ቡድን ውድድር ነጥብ የሚሰጠው ለግልቢያ ብቻ አይደለም። ፈረሱን የሚያሰናዳው ልጅም ይመዘናል። እንዴት እንደሚቀርበው፣ እንዴት እንደሚያስረው፣ ሲቦርሸውና ሰኮናውን ሲያጸዳ ራሱም ሳይጎዳ ፈረሱንም ሳይጎዳ መጨረሱ ይታያል። የዳኞቹ ሰብሳቢ ጋሽ ኪዳኑ ደግሞ የራሳቸውን ሕግ አምጥተዋል። «የገዛ ፈረሱንማ ማን አያውቅም? አሰናጅ የሚለየው የሰው ፈረስ ሲሰጡት ነው» ብለው በመጨረሻው ቀን ፈረስ ያቀያይራሉ። አስረካቢው የፈረሱን ጠባይና ጉድለት በዳኛ ፊት ይናገራል፤ ጉድለት ያለበት ፈረስ ከነቡድኑ ይወጣል።

ፈሪዳ የዳንግላ አሰናጅ ናት። ፈረሱን ዳማ ይሉታል፤ የሚጋልበው ታላቅ ወንድሟ ሙደሲር ነው። ትናንት በግልቢያው ዳንግላ አንደኛ ወጣ፤ ቆሰበር በሦስት ነጥብ ብቻ ተበልጦ ሁለተኛ ሆነ። የዛሬው ነው የሚለየው። ያሸነፈው ለቀጣዩ ውድድር ባሕር ዳር ይሄዳል።

ዳማ ደግሞ በቀኝ ዓይኑ አያይም።

ይህን የሚያውቁት ፈሪዳና ሙደሲር ብቻ ናቸው። ዳማ ዱሮ ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ይጎትት ነበር፤ አንድ ቀን የጅራፍ ጫፍ ዓይኑን መታው። የጋሪ ፈረስ ዓይኑ ግራና ቀኝ ስለሚከለል ማንም ልብ አላለም። ቁስሉ ሻረ፤ ዓይኑም ከውጭ ሲያዩት ጥርት ያለ ነው። ከቀኙ መጥቶ ሳይናገር የነካው ሰው ካለ ግን ደንግጦ ይራገጣል። ሙደሲር ፈረሱን ከጋሪ ፈትቶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሞበት ነው ለዚህ ያበቃው። ገና ለውድድሩ ሲመዘገቡ፣ «ወላሂ በይ» አላት። «ለእማም ቢሆን ለአባም፣ ለማንም አልናገርም በይ።»

ወንድሟ ነው፤ ልፋቱንም አይታለች። ወላሂ አለች። ያኔ ሱሀይልን አታውቀውም ነበር።

ሱሀይልን ያገኘችው ቆሰበር ላይ፣ ቡድኖቹ ተሰብስበው በሚለማመዱበት ቅዳሜ ነው። አባቱ ኮርቻና ልጓም የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ እሱ ደግሞ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ አልሆንልህ ብሎት ፈረስ ሥር የሚውል ልጅ ነው። ዳማን ስታስር ከኋላዋ መጣና፣

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ቋጠሮ ፈረሱ ቢደነግጥ ቶሎ አይፈታም» አላት።

«ላንተ ነዋ የማይፈታው!» አለችና ጫፉን ሳብ ስታደርገው ተርተር ብሎ ተፈታ።

ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱም አፍሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በመጡት ቅዳሜዎች ሁሉ ፈረሱን ከዳማ ትይዩ እያሰረ ይቦርሻል፤ ብሩሹ ፈረሱ ላይ ነው፣ ዓይኑ ግን እሷ ላይ። ልምምዱ ሲያልቅ ሻይ ጠጡ። ከዚያ ስልክ ተጀመረ። ማታ ማታ ኔትወርኩ እየቆራረጠባቸው፣ «ሃሎ፣ ትሰሚያለሽ?» ሲባባሉ አንድ ሰዓት ያልፋል። ወዳዋለች፤ ምኑን ትደብቀዋለች? የደበቀችው ሌላ ነው።

ውድድሩ ሊደርስ፣ ሰኞ ማታ፣ በስልክ እንዲህ አላት፤

«ፈሪዳ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«እንደ ምን ያለ?»

«እንጃ። በልብሽ ያለ ነገር።»

ፊቷ ጋለ። ሳቀችና ስልኩን ዘጋችው። ሌሊቱን ሙሉ ደስ ብሏት አደረች፤ ሞኝ!

አሁን የዳማን ገመድ ይዛ ወደ ሜዳው መሐል ሄደች። ሙደሲር ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። ሁለት ሰዓት ገና አልሞላም፤ የቆሰበር ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ዳማ በአፍንጫው እንፋሎት እየለቀቀ ተከተላት።

«ጠባይ አለው?» አሉ ጋሽ ኪዳኑ፣ እስክሪብቷቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው።

«የለውም።»

«ጉድለትስ?»

ሱሀይል ፊት ለፊቷ ቆሟል። አይስቅም፣ አይቆጣም፤ ያያታል ብቻ። ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር፤ ወላሂ! አፏ ውስጥ ነበር። ከአጥሩ በኩል ሙደሲር ሲያስል ሰማች።

«የለበትም» አለች።

«ሌላ የምትነግሪኝ ነገር የለም?» አለ ሱሀይል ቀስ ብሎ።

«የለም።»

ገመዱን ሲቀበላት ጣቱ ጣቷን ነካው። «እሺ» አለ። ፊቱን አዞረና ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ምን እንዳለ ግን አልሰማችም።

አስረካቢዎቹ ሜዳውን ከከበበው ገመድ ወዲያ ቆመው እንዲያዩ እንጂ እንዲናገሩ አይፈቀድም። ፈሪዳ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። እንደ ሕጉ በግራ በኩል ነው የሚጀመረው፤ በግራ ደግሞ ምንም አይሆንም። ሱሀይል ዳማን በስሙ ጠራው፤ አንገቱን ዳሰሰው፤ ሳብ ሲያደርጉት በሚፈታ ቋጠሮ አሰረው። ከአንገት ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ጎን፣ በፀጉሩ አቅጣጫ ቦረሸው። የፊት እግሩን ሊያነሳ ሲል አስቀድሞ ከትከሻው ጀምሮ እጁን ወደ ታች አወረደ። ዳማም እንደ በግ ሰጠው። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ድምፅ ማጉያው ላይ ዘፈን ተለቀቀ።

እዚያው ይቅር፣ እዚያው ይቅር፣ ትላለች ፈሪዳ።

እሱ ግን የግራውን ጨረሰ። መዳፉን የዳማ ዳሌ ላይ አደረገና ወደ ፈረሱ ተጠግቶ በኋላው በኩል ወደ ቀኙ መዞር ጀመረ።

ወደማያየው በኩል ነው! ሳያውቅ ነው! እኔ ነኝ ያላልኩት! የዳማ ጆሮ ወደ ኋላ ሲታጠፍ አየች፤ ወይም ያየች መሰላት። ከዚያ በኋላ አፏ የራሷ አልነበረም።

«ሱሀይል!»

ጩኸቷ ሜዳውን ሰነጠቀው። ዳማ በዚያው ቅጽበት ዘለለና በቀኝ እግሩ ተራገጠ። የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ሱሀይል ክንዱን አቅፎ መሬት ላይ ወደቀ።

ሰው ዱላ ይዞ ወደ ፈረሱ ሮጠ። «አትምቱት! ያዙት እንጂ አትምቱት!» ይላል ሱሀይል ከወደቀበት። ፊቱ አመድ መስሏል።

ባጃጅ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ጋሽ ኪዳኑ ጎንበስ ብለው፣ «ምን ሆነህ ነው ልጄ?» አሉት። የድምፅ ማጉያው ማይክ በእጃቸው ስለነበር መልሱን ሜዳው ሁሉ ሰማው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። በኋላው ነው የዞርኩት።»

ባጃጁ ይዞት ሄደ። ዳኞቹ ተመካከሩ። በፈረስ ኋላ በማለፍ አደጋ ስላደረሰ ከቆሰበር አሥር ነጥብ ይቀነሳል፤ አሸናፊው ዳንግላ ነው ተባለ። የዳንግላ ልጆች ሙደሲርን ወደ ላይ አነሱት። የፈሪዳን ጩኸትማ ሴት ስለሆነች ፈርታ ነው ብለው ተረጎሙት። ዝም ብትል በቃ፣ አልቋል። ዋንጫው በእጃቸው ነው።

ሙደሲር ከሰው ትከሻ ላይ ሆኖ በጭንቅላቱ አይሆንም የሚል ምልክት ሰጣት፤ እህቱን ያውቃታል።

ፈሪዳ በሜዳው ገመድ ሥር አልፋ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄደች።

«ጋሽ ኪዳኑ፣ ዋሽቼዎት ነው።»

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ዳማ በቀኝ ዓይኑ አያይም። አውቅ ነበር። ጠይቀውኝ የለበትም አልኩ። ጥፋቱ የሱሀይል አይደለም።»

ዘፈኑን አንድ ሰው አጠፋው። ሙደሲር ወርዶ እየሮጠ መጣ። «ወላሂ ብለሻል!» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ወላሂ ብለሽኛል እኮ ፈሪዳ!»

«ብያለሁ። አፈረስኩት።»

ጋሽ ኪዳኑ እስክሪብቷቸውን አነሱና የዳንግላን ስም ሰረዙት።

በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ሲመለሱ ማንም አላናገራት። ቤት ስትደርስ አባቷ ሐጂ ሳሊሕ ሁሉን ሰምተው ጠበቋት። «ደግ አድርገሻል» አሉ። «መሐላ ግን መሐላ ነው። ስላፈረስሽው አሥር ሚስኪን አብዪ፤ ካልቻልሽ ሦስት ቀን ጹሚ።» የራሷ የምትለው ነገር የላትም፤ አባቷ ሱቅ ነው የምትሠራው። እናም ከማክሰኞ ጀምሮ ጾመች።

ሱሀይል ጋ ትደውላለች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ቅዳሜ ማታ አልተነሳም፣ እሑድም፣ ሰኞም። እጁ እንደተሰበረና በጀሶ እንደታሰረ የሰማችው ከሰው ነው። ጠልቶኛል፤ ይገባኛል፤ አለችና ረቡዕ መደወሉን ተወችው። ዕቃ ስትመዝን እንባዋ ሚዛኑ ላይ ይወርዳል፤ ደንበኛው ደግሞ፣ «ምነው የኔ ልጅ፣ በርበሬው ነው?» ይላታል። ሙደሲርም አኩርፏል። ግን ሁልጊዜ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይመጣና በላስቲክ የተቋጠረ ቴምር ባንኮኒው ላይ ጥሎ፣ ሳያያት ይሄዳል።

ሐሙስ፣ ሦስተኛው ቀን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ሱሀይል ክንዱን በሻሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

ፈሪዳ በርጩማ አወጣችለት፤ ውሃ ከፍታ ሰጠችው። ውሃውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ተቀመጠ።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«የዳማን ዓይን።»

«ማን ነገረህ?»

«እጅሽ። በግራው በኩል ስትሆኚ እጅሽን ከገላው እንደፈለግሽ ታነሻለሽ። በቀኙ ስትሆኚ ግን አንዴም አታነሺም፤ ደግሞ ታንጎራጉሪለታለሽ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሳይሽ ነበር እኮ።»

ደሟ ፈላ። «እያወቅክ ነው የገባኸው? ልትፈትነኝ ነው? አጥንትህን ሰብረህ?»

«ልፈትንሽ አይደለም። እንድትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው። ሰኞ ማታ የጠየቅኩሽ እሱን ነው።»

«እሱን?» አለች። ድምፅዋ ወረደ። «እኔ እኮ ሌላ መስሎኝ...»

«ምን?»

«እወድሃለሁ እንድልህ የፈለግክ መስሎኝ።»

«ታዲያ ለምን አላልሽኝም?»

«አፈርኩ!»

ሁለቱም ወደ መሬት አዩ። መንገዱ ላይ አንድ ጋሪ ቃጭሉን እያሰማ አለፈ።

«ወደ ቀኙ ስዞር እጄን ከገላው አላነሳሁም ነበር» አለ። «እያወራሁት ነበር። ፈረሱም ሰምቶኝ ነበር፣ ፈሪዳ። የደነገጠው በጩኸትሽ ነው።»

«እኔ ነኝ የሰበርኩህ?»

«አንቺ ነሽ።» ፈገግ አለ። «ስሜን እንደዚያ አድርጎ የጠራኝ ሰው ግን የለም።»

ማልቀሷን እንዳያይ ወደ መደርደሪያው ዞረች። «ታዲያ ስልኬን ለምን አታነሳም ነበር?»

«ገመዱን ሰጥተሽኝ ‹የለም› ስትዪኝ ተናደድኩ። ዞር ብዬ ወላሂ ሁለተኛ አላናግራትም አልኩ። ተናድጄብሽ ነበር እንጂ ጠልቼሽ አልነበረም። ባጃጅ ውስጥ ገና ሳልርቅ ጸጸተኝ።»

«ውሃው ሞቀ» አለች። «ጠጣ እንጂ።»

«ጾመኛ ነኝ።»

«የሐሙስ የውዴታ ጾም ነው?»

«ስለ ሐሙስ አይደለም። አላናግራትም ብዬ ምዬ አሁን እያናገርኩሽ አይደል? አሥር ሚስኪን ላብላ ብል የማበላው የአባቴን ነው፤ የራሴ የለኝም። ሐኪሙም ከፈለግክ ጹም ብሎኛል። እናቴ ግን በጀሶ ታስሮ የሚጾም ጅል ብላ ቤቱን በጩኸት ሞላችው።»

ፈሪዳ ሳቀች። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባትና እንደገና ሳቅ ሆነ። ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ሙደሲር ቀደም ብሎ ጥሎላት የሄደውን ቴምር ፈታች፤ አንድ ለሱ ሰጠች፣ አንድ ለራሷ ያዘች።

«አንቺም ጾመሻል እንዴ?» አለ ደንግጦ።

«ሦስተኛ ቀኔ ነው። ዛሬ ጨረስኩ።»

«እኔ ደግሞ ገና ዛሬ መጀመሬ ነው። ሁለት ቀን ይቀረኛል።»

ቴምሩን ቀምሳ ፍሬውን በእጇ ያዘች። አሁን አላፈረችም። ዓይኑን እያየች፣

«ነገም እጾማለሁ፤ ከነገ ወዲያም» አለችው።

«ደግሞ ምን አፍርሰሽ?»

«ምንም» አለች ፈሪዳ። «ብቻህን አትጾምም።»