የኮርቢኒያን ክዳን

ቫልቡርጋ ያጠበቻቸውን ባለክዳን የቢራ ኩባያዎች አንድ በአንድ ታደርቅ ነበር፤ የሸክላውን ሆድ በጨርቅ፣ የቆርቆሮ ክዳኑን በአውራ ጣቷ። ሠላሳ ዓመት የሠራችው ነውና እጇ ሳይነገረው ያውቃል። ዛሬ ግን የሦስት ሰዎች ዓይን እጇ ላይ ነው። የጥንት ኩባያ በመሰብሰብ የታወቁት ሽማግሌው ኮርቢኒያን ትናንት ከሰዓት በኋላ በእንግዳ ማረፊያዋ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ሞተዋል። ቢራውን የቀዳችላቸው እሷ ናት።

መርማሪዋ ሮስቪታ ሃይንድል በበረዶ መጥረጊያ መኪና መጣች፤ መኪናው ሲመለስ የተራራው መንገድ እንደገና ተደፈነ። የጥንት ዕቃ ነጋዴው ኦትማር፣ ጡረተኛው ፋርማሲስት ጊስበርት፣ ቫልቡርጋና ሬሳው አንድ ጣሪያ ሥር ቀሩ። የጊስበርት የልብ መድኃኒት ጠርሙስ ኮሪደር ላይ በሰቀለው ካፖርት ኪስ ውስጥ ባዶውን ተገኝቷል። በኮሪደሩ ያላለፈ ደግሞ የለም።

«እኔ ለመፍረድ አልቸኩልም» አለ ኦትማር። «ግን ማን ቀዳ? አንቺ። ማን አቀረበ? አንቺ።»

ቫልቡርጋ ወደ ውጭ አየች። በረዶው እስከ መስኮቱ ወገብ ደርሷል፤ በሩ ቢከፈትላት እንኳ የምትሄድበት የለም። መንገዱ ሲጠረግ ደግሞ የሚወስዷት እሷን ነው።

መርማሪዋ የትናንቱን ደግማ አስተረከቻቸው። ኮርቢኒያን ጥቂት ቀምሰው፣ የማሳያችሁ ነገር አለ ብለው ወደ ክፍላቸው ወጡ። ቫልቡርጋ ጓዳ ነበረች። ጊስበርት ጀርባውን ሰጥቶ ምድጃው ውስጥ እንጨት ይጨምር ነበር። ኦትማር ሲስቅ ሰምቶ ሲዞር፣ የኦትማር ኩባያ በሽማግሌው ኩባያ አፍ ላይ ተደርቧል። የጠረጴዛው ሕግ ነው፤ ክዳኑን ከፍቶ የሄደ ሰው፣ ወዳጁ ኩባያውን ከደረበበት ለሁሉም ይጋብዛል። ሽማግሌው አንድ ያረጀ ኩባያ ይዘው ተመለሱ፣ በቀልዱ ሳቁ፣ ጠጡ፣ ወደቁ።

«ክዳኑ ክፍት ነበር?»

«ወለል ብሎ» አለ ኦትማር። «ዘንግተውት ነዋ። እርጅና አይደል?»

መርማሪዋ ከመደርደሪያው ጠርዝ በክር የተንጠለጠለች ቁራጭ ቡሽ አይታ ለምን እንደሆነች ጠየቀች።

«ለኮርቢኒያን ኩባያ ናት» አለች ቫልቡርጋ። «ሲደርቅ ክዳኑ ሥር እሸጉጣታለሁ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ከሽማግሌው ኩባያ የተረፈውን ቢራ ወደ ጠርሙስ ገልብጣ አሸገችና ባዶውን ኩባያ ኦትማር ፊት አኖረች።

«ትናንት እንዳገኙት አድርገው ይክፈቱልኝ።»

ኦትማር ከፈተና ለቀቀው። ክዳኑ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ወደ ኋላ ገፍቶ ደገመው፤ ተዘጋ። በሦስተኛው እጁን ማንሳት ፈራ።

«መስከረም ላይ ማጠፊያውን አስጠግነውታል» አለች ቫልቡርጋ። «ከዚያ ወዲህ ካልያዙት አይቆምም።»

«እንግዲህ ሽማግሌው ከፍተውት አልሄዱም» አለች መርማሪዋ። «የከፈተው የሌላ ሰው እጅ ነው። ክዳኑ ሲጮኽ ጊስበርት መዞሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ኩባያውን ለመንካት ሰበብ የሚሆን ቀልድ ያስፈልግ ነበር። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ኩባያው ተደረበ፣ ሳቁም መጣ።»

ቀጥላ ሽማግሌው ከክፍላቸው ያወረዱትን ያረጀ ኩባያ ገለበጠች። ኦትማር ሦስት መቶ ዓመቱ ነው ብሎ የሸጠላቸው ነው። በየጠረጴዛው የኖረ ኩባያ ቂጡ በየአቅጣጫው ይጫጫራል፤ የዚህ ግን ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነው።

«ብርጭቆ ወረቀት» አለ ጊስበርት ቀስ ብሎ። «አስመስሎ የተሠራ መሆኑን ሊነግሩን ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ካንተ ይገዛል?»

ኦትማር ወደ በሩ ተመለከተ።

«የት ሊሄዱ?» አለች መርማሪዋ።

ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ ተቀመጠ።

ቫልቡርጋ የመጨረሻውን ኩባያ አድርቃ መደርደሪያው ላይ ሰቀለች። ቡሿን ከክሯ ፈታች፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ ዘጋችው።