እትዬ አባይነሽን ማን አሻገራቸው?

ፈጠራ ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይበለኝ። ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ራሴን እንዲህ አላዋርድበትም ነበር።

ግንቦት 1996 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ቦታው ቀበና፣ ከድልድዩ ከፍ ብሎ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን ቢሮ።

መብራት አልጠፋም። ጨለማ የሚባል ነገር የለም። በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ምእመናን የሚያመጡትን የጸሎት ርዕስ በቢሮው ኮምፒውተር እተይባለሁ። ዝርዝሩ አርብ ጠዋት ለጸሎት ቡድኑ ይደርሳል፤ እነሱም እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ ይጸልዩለታል። ሽማግሌያችን ጋሽ ከበበ የቢሮውን ቁልፍ ሲሰጡኝ፣ "ፊልሞና፣ የሰው ሸክም ነው የተረከብከው" ብለውኝ ነበር።

እኔ ምን አደረግኩ? ጌም ጫንኩበት።

ደግሞ ምን ዓይነቱን! ሰውን ከመኪናው ጎትተህ ታወርድና መኪናውን ይዘህ ትፈረጥጣለህ። ከተማው በሙሉ ክፍት ነው፤ በፈለግክበት ትነዳለህ፣ ያገኘኸውን ትገጫለህ። ባለታሪኩ ከእስር ያመለጠ ወንበዴ ነው፤ አለቆቹ እየደወሉ ሥራ ያዝዙታል። ሲዲውን ኮፒ አድርጎ የሰጠኝ የሰፈሬ ልጅ ካሊድ ነው።

"ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልትጫወተው?" አለኝ። "አንተ ሰው፣ አታፍርም?"

አላፈርኩም። ያኔ።

እትዬ አባይነሽ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ እጃቸውን ይዤ አስፋልቱን አሻግራቸዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበርን።

የዚያን ዕለት ሲገቡ ሚሽን ላይ፣ ጌሙ የሰጠኝ ተልእኮ ላይ ነበርኩ። ቀይ መኪና ሰርቄያለሁ፤ ሰዓቱ ሳያልቅ ድልድይ አሻግሬ ጋራዥ ማድረስ አለብኝ። ቶሎ ብዬ የስፒከሩን ገመድ ነቀልኩት።

"አለህ ልጄ?"

"አለሁ እትዬ፣ ይቀመጡ።"

ከጎኔ ያለችው የእንጨት ወንበር ሲጢጥ አለች። ሲቀመጡባት ሁልጊዜ ሲጢጥ ትላለች።

"ጻፍልኝ።"

"እሺ፣ ይንገሩኝ።"

ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም።

"ሦስት ቀን ሙሉ ያው ሕልም ነው የማየው..." ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የማውቀው ሰው እጄን ይዞ መንገድ ውስጥ ያስገባኛል። መሃል ላይ ስንደርስ... ይለቀኛል። ፈርቻለሁ፣ ጸልዩልኝ በልልኝ።"

ቀጭ... ቀጭ ቀጭ ቀጭ...

ወደ ግራ ታጠፍኩ። ፖሊሱን አመለጥኩት።

"ጻፍከው?"

"ጽፌዋለሁ።"

"ይሰማኛል እኮ። እጅህ ፈጣን ነው። እጅህ ይባረክ።"

አንዲት ፊደል አልጻፍኩም። እሳቸው የሚሰሙት እኔ መኪና ስነዳ ነው። በዚያ እጄ ተመረቅኩ።

"በል እንግዲህ አሻግረኝ።"

"ትንሽ ይጠብቁኝ እትዬ፣ ይቺን ልጨርስ።"

ጠበቁኝ። ምን ያህል እንደጠበቁኝ አላውቅም። ወንበሯ ሲጢጥ አለች... በሩ ተከፈተ... ተዘጋ። ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።

ያኔ ነው ጌሙ እምቢ ያለኝ።

መኪናው ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። ሰውዬው በሩን ከፍቶ ወረደ። እኔ አላወረድኩትም። ኪቦርዱ ላይ ያልተጫንኩት ቁልፍ የለም፤ አንዱም አይሠራም።

መንገዱ ዳር ሄዶ ቆመ። ቀኝ እጁን ወደ ጎን ዘረጋ።

ከዚያ መሻገር ጀመረ...

በዝግታ። ያ ሰውዬ ሩጫ እንጂ እርጋታ አያውቅም። አሁን ግን አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይራመዳል። አረማመዱን አወቅኩት። እኔ እትዬ አባይነሽን የማሻግረው እንደዚያ ነው።

መሃል ላይ ሲደርስ እጁን አወረደ። ብቻውን ወደ መኪናው ሮጦ ገባ።

ቁልፎቹ ታዘዙልኝ።

አሥር ሰከንድ ቀርቶኛል። ድልድዩ ባዶ ነው፤ ሰው አይታይም። ነዳሁት።

ዷ!

ስፒከሩን ነቅዬዋለሁ ብያችኋለሁ።

ሚሽኑን ማለፌን የሚናገር ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ። እኔም... ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም... ጠረጴዛውን መትቼ ሳቅሁ።

እየሳቅሁ ነው ከውጭ ጩኸቱን የሰማሁት።

ቀይ መኪና ነው አሉ። ገጭቷቸው አመለጠ። እስክደርስ ሰዎች ታክሲ ውስጥ አስገብተዋቸው ነበር። ነጠላቸው አስፋልቱ ላይ ቀርቷል።

ጋሽ ከበበ እያለከለኩ መጡ።

"አንተ አይደለህም እንዴ የምታሻግራቸው?"

"ርዕስ እየተየብኩ ነበር፣ ጋሽ ከበበ። ሳላያቸው ወጡ።"

"የነገሩህን ጽፈህላቸዋል?"

"አዎ።"

ቢሮ ተመልሼ በሩን ዘግቼ ጻፍኩት። ሰው ከተገጨ በኋላ፣ እንዳይገጭ ጸልዩለት የሚል ርዕስ። አርብ ጠዋት ጮክ ተብሎ ሲነበብ አንገቴን ደፍቼ አሜን አልኩ።

ቅዳሜ ሆስፒታል ሄድኩ። እጃቸውን ስነካው አወቁኝ።

"ሌሎቹ ጠያቂዎች ወጥተዋል?" አሉ በሹክሹክታ።

"ወጥተዋል እትዬ።"

"ለማንም አልተናገርኩም። ልጅ ነው፣ ስሙ አይጥፋ ብዬ።"

"ምኑን?"

"ከኋላዬ ደርሰህ እጄን ስትይዘኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። 'ይምጡ እትዬ' አልከኝ። እጅህ ግን... በረዶ ነበር።"

እጄን ከእጃቸው ላይ አነሳሁ።

"መሃል ላይ ለምን ለቀቅከኝ፣ ልጄ?"

እኔ አይደለሁም ማለት እችል ነበር። ግን ታዲያ የት ነበርክ ቢሉኝስ? ያ ሁሉ ቀጭ ቀጭ ምን ነበር ቢሉኝስ?

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

ይቅር አሉኝ። ላላደረግኩት ነገር ይቅር ተባልኩ። ያደረግኩትን ሳያውቁ ሰኞ ዐረፉ።

ከቀብር መልስ ካሊድን ጥግ አስያዝኩት።

"ያ ሚሽን... ቀይ መኪና ድልድይ የምታሻግርበት..."

"የትኛው?"

"አለቃው ደውሎ የሚያዝህ።"

"ሁለቴ ጨርሼዋለሁ እኮ" አለኝ። "ፊልሞና፣ እንደሱ የሚባል ሚሽን የለም።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው እያደር ጠቆረ።

በሳምንቱ ሐሙስ ጌሙን ላጠፋው ቢሮ ገባሁ። አጥፍቼው ቁልፉን ለጋሽ ከበበ ልመልስ፣ ሁሉንም ልናዘዝ ወስኛለሁ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ሌላ ምንም ሳልነካ ጌሙ ራሱ ተከፈተ።

ቀዩ መኪና የለም። ሰውዬው ድልድዩ አፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ቀኝ እጁ ወደ ጎን ተዘርግቷል፤ ጣቶቹ ተጨብጠዋል።

ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ስክሪኑ ጠፋ። ወደ በሩ ሄድኩ።

ቀጭ...

ቆምኩ።

ቀጭ... ቀጭ...

ዞርኩ። ኪቦርዱ ላይ ቁልፎቹ አንድ በአንድ ወደ ታች ይሰምጣሉ፣ ይነሳሉ። ቀስ ብለው፤ ፊደሉን በዳበሳ እንደሚፈልግ ሰው።

ሮጬ ወጣሁ። ቁልፉን በሩ ላይ ተውኩት። ለጋሽ ከበበም እስከ ዛሬ አልተናዘዝኩም።

ግን በሩን ሳልዘጋው፣ ከጠረጴዛው ጎን ያለችው ባዶዋ ወንበር ሲጢጥ ብላ ነበር... ሊጠብቀኝ እንደተቀመጠ ሰው።